የለመደ እጅ፣ የለመደ አፍ

ልጆች፣ ሰው በድንገት ሲደነግጥ ምን ይላል? አንዱ «በስመ አብ!» ይላል፤ ከሌላው አፍ ክፉ ቃል ያመልጣል። ድንጋጤ ለማሰብ ፋታ አይሰጥምና እጃችንም አፋችንም የለመዱትን ያደርጋሉ።

ብላቴናው ዳዊት ጎልያድን ሊገጥም ሲነሣ ንጉሥ ሳኦል የራሱን የጦር ልብስ አለበሰው። ዳዊት ግን አልለመደውምና ሊራመድበት አልቻለም፤ አወለቀው። የእረኝነት በትሩንና ወንጭፉን ያዘ፤ ከወንዝም 5 ድንጋዮች መረጠ። ጎልያድ ሲቀርብ አልሸሸም፤ ወደ እርሱ ሮጠ፤ በአንዲት ድንጋይም ግንባሩን መታው (1ኛ ሳሙ. 17)። ድሉን የሰጠው እግዚአብሔር ነው። ዳዊት በእርሱ መታመንን የጀመረው ግን በዚያች ቀን አልነበረም፤ የአባቱን በጎች ሲጠብቅ፣ ከአንበሳና ከድብ ሲያስጥል ለምዶት ነበር።

አፍም እንደ እጅ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ የእናቴን ጀበና ሰበርሁ። «ማን ነው የሰበረው?» ስትል ሳላስብ «ድመቷ!» አልኋት። ውሸቱ ከየት መጣ? ለትንሽ ለትንሹ ነገር ስዋሽ ለምጄው ነበር። ድመቷ ያላጠፋችውን ተመታች፤ እስከ ዛሬ ታሳዝነኛለች።

ስለዚህ ልጆች፣ ጸሎትንና እውነት መናገርን በሰላሙ ቀን፣ በትንሹ ነገር ተለማመዱ። የጭንቅ ቀን ሲመጣ ቀድሞ የሚደርስላችሁ የለመዳችሁት ነው።

ጥያቄ
1. ዳዊት የሳኦልን የጦር ልብስ ለምን አወለቀው?
2. ስትደነግጡ ከአፋችሁ ቀድሞ የሚወጣው ምንድን ነው?