ሕፃናትን በሚያስተውሉት ቋንቋ ማገልገል፦ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላትና የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮች፤

ሀገራችን ከ80 በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት ናት። በአርባ ምንጭ፣ በሐዋሳ፣ በጅማ፣ በጋምቤላና በመሳሰሉት ከተሞች የሚገኙ አጥቢያዎች በአንድ ቅጥር ውስጥ ሁለትና ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቋንቋ የሚናገሩ ምእመናንን ያቀፉ ናቸው። በእነዚህ አጥቢያዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕፃናቱ በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። መምህሩ በአንድ ቋንቋ ያስተምራል፤ ከፊሎቹ ጥያቄ ይመልሳሉ፣ መዝሙር ያነሣሉ፤ ከፊሎቹ ግን ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እኛም ዝምታቸውን እንደ ጨዋነት እንቆጥረዋለን። እንዲህ ሆነው አንድ ሁለት ዓመት ከተመላለሱ በኋላ ብዙዎቹ መምጣታቸውን ይተዋሉ። ስማቸው ከክርስትና መዝገብ ሳይፋቅ እነርሱ ከመካከላችን ይጠፋሉ።

በ2015 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን ያለፈችበት ፈተና፣ በቋንቋ የመገልገል ጥያቄ በምእመናን ልብ ውስጥ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ለሁላችንም አሳይቷል። ጥያቄው ግን በጉባኤ ከመነሣቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ በሕፃናት አዳራሽ፣ በዝምታ የሚጀምር ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቅዱሳን ሐዋርያት ተመሳሳይ ጉዳይ በገጠማቸው ጊዜ ምን እንዳደረጉ እንመረምራለን፤ ከዚያም አንድ አጥቢያ ባለው አቅም ሊሠራው የሚችለውን እናመለክታለን።

1. ሕፃኑ እንግዳ አይደለም

በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያናችን ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ይጠመቃሉ። በዚያው ዕለት ቅዱስ ሜሮን ይቀባሉ፤ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙንም ይቀበላሉ። ከዚህ ሥርዓት የምንረዳው፣ ሕፃኑ አፍ ከመፍታቱ በፊት ሙሉ አባል መሆኑን ነው። ካህኑ ሲያጠምቀው የእናቱ ቋንቋ ምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ምሥጢሩም ከቋንቋው የተነሣ አልጎደለበትም።

እንግዲህ «ቋንቋቸው ልዩ የሆኑ ሕፃናትን እንዴት እንቀበላቸው?» ብለን መጠየቅ አይገባንም፤ እነርሱን አስቀድሞ የተቀበለ እግዚአብሔር ነውና። የሚገባን ጥያቄ «በጥምቀት የተሰጣቸውን ልጅነት እንዳያውቁት በትምህርታችን የምንከለክላቸው ስለ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ሕፃኑ ባለመብት ከሆነ፣ በሚያስተውለው ቋንቋ መማሩ አጥቢያው የሚከፍለው ዕዳ እንጂ የሚቸረው ቸርነት አይደለም።

2. በኢየሩሳሌም የተሰማው ማጉረምረም

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ከቁጥር 1 እስከ 7 እንደተጻፈው፣ የምእመናን ቁጥር እየበዛ በሄደ ጊዜ በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ቅሬታ ተነሣ። የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች፣ በየዕለቱ በሚደረገው የማዕድ አገልግሎት መበለቶቻቸው እየተረሱ መሆናቸውን ተናገሩ። መጽሐፉ መበለቶቹ በክፋት ተገፉ አይልም፤ ተዘነጉ እንጂ። አገልግሎቱን የያዙት ሰዎች የሚያውቁትን ሰው ያስታውሳሉ፣ የሚሰሙትን ቋንቋ ይሰማሉ፤ የማይሰሙት ግን ሳያስቡት ያልፋቸዋል። በአዳራሻችን ዝም ብሎ የሚቀመጠው ሕፃን ላይ የሚደርሰውም ይኸው ነው።

ሐዋርያት ስለዚህ ጉዳይ ሦስት ነገር አደረጉ። በመጀመሪያ ቅሬታውን የመከፋፈል ምልክት ነው ብለው አልገሠጹም፤ ምእመናኑን ጠርተው በግልጽ ተነጋገሩበት። ሁለተኛ፣ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ አደረጉ። ሦስተኛ፣ በተመረጡት ላይ እጃቸውን ጭነው ሥራውን በሙሉ አስረከቧቸው።

የሰባቱን ስም ልብ እንበል፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ የአንጾኪያውም ኒቆላዎስ። ስሞቹ ሁሉ የግሪክ ስሞች ናቸው፤ ኒቆላዎስም ከአሕዛብ ወደ አይሁድ ሃይማኖት የገባ ሰው ነበር። ቅሬታው የተነሣው ከግሪክ ተናጋሪዎች ነበር፤ ማዕዱም የግሪክ ስም ላላቸው ሰዎች ተሰጠ። ሐዋርያት የተረሱትን ወገኖች ጎን ለጎን ቆሞ የሚያስተረጉም ሰው አልሰጧቸውም፤ የማዕዱን ኃላፊነት ሰጧቸው እንጂ። የዲቁና አገልግሎት መሠረት ከዚህ ላይ መሆኑን ስናስብ፣ ዲያቆናት ሁሉ የተሾምንበትን ምክንያት እናስታውሳለን። ከዚህም በኋላ ቁጥር 7 የእግዚአብሔር ቃል እንደ ሰፋና የደቀ መዛሙርት ቁጥር እጅግ እንደ በዛ ይመሰክራል።

3. ፊልጶስና ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ

ከሰባቱ አንዱ የሆነው ፊልጶስ በምዕራፍ 8 ከሀገራችን ታሪክ ጋር ይገናኛል። የህንደኬ ባለሟል የነበረው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ወደ እርሱ በቀረበ ጊዜ በመጀመሪያ የጠየቀው፣ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ነው። ጃንደረባውም የሚመራው ሰው ሳይኖር ማስተዋል እንደማይቻለው መለሰ። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ካነበበው ቃል ጀምሮም አስተማረው።

ከቋንቋ የተነሣ ስለ ተረሱ ሰዎች የተሾመ ዲያቆን፣ ለኢትዮጵያዊው ያቀረበው የመጀመሪያ ጥያቄ የማስተዋል ጥያቄ ነበር። እኛም ይህን ታሪክ በክብር የምንተርክ ነን። ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ በአዳራሻችን ጥግ ለተቀመጠው ሕፃን ልናቀርብለት ይገባናል። መዝሙሩን በቃሉ ማለቱ፣ እጁን ማጨብጨቡ፣ በሰልፍ መቆሙ ማስተዋሉን አያረጋግጥም።

4. የአባቶቻችን ምስክርነት

የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከጢሮስ በልጅነቱ ወደ አክሱም የመጣ፣ በባዕድ ቋንቋ መካከል ያደገ ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከቅዱስ አትናቴዎስ ሢመትን ተቀብሎ ወደ እኛ ተመለሰ። ተሰዓቱ ቅዱሳንም ከውጭ መጥተው የሕዝቡን ቋንቋ ተማሩ፤ በትርጉም ሥራቸውም ይታወሳሉ። ለአባቶቻችን ወንጌልን ማስተማርና የሕዝቡን ቋንቋ መማር የማይነጣጠል ሥራ ነበር።

በጸሎታችንም ቢሆን ልዩ ልዩ ቋንቋዎች በአንድነት ይሰማሉ። «አሜን» እና «ሃሌ ሉያ» ከዕብራይስጥ የመጡ ናቸው። በሰሙነ ሕማማት የምንሰግድበት «ኪርያላይሶን» የግሪክ፣ «እብኖዲ ናይናን» ደግሞ የቅብጥ ቃል ነው። ግእዝም ዛሬ የማንም ሕፃን የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም። ስለዚህ ጋሞኛ የሚናገረውም ሆነ አማርኛ የሚናገረው ሕፃን በግእዙ ፊት እኩል ተማሪዎች ናቸው። ይህ ለአገልጋዮች ታላቅ ዕድል ነው፤ ሁሉም ሕፃናት የሚጋሩትን የጸሎት ቋንቋ እያጠናን፣ ትርጉሙን ግን ለእያንዳንዱ በሚያስተውለው ቋንቋ ልንሰጠው እንችላለን።

5. በአጥቢያው ምን እንሥራ?

በልማት ሥራ እንደምናውቀው፣ ተጠቃሚው ሕዝብ የራሱን ኮሚቴ ያላቋቋመበት የውኃ ተቋም ቧንቧው ከተበላሸበት ቀን ጀምሮ ባለቤት ያጣል። የሕፃናት አገልግሎትም እንዲሁ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ስድስት ነጥቦች የሰበካ ጉባኤው በየተራ ሊወያይባቸው ይችላል።

ሀ. ቋንቋን እንጠይቅ፤ ብሔርን አንጠይቅ። በክርስትና መዝገብና በሰንበት ትምህርት ቤት ምዝገባ ላይ «ሕፃኑ በቤት የሚናገረው ቋንቋ» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። ዓላማው ማን ምን እንደሚያስተውል ማወቅ ብቻ መሆኑ ለወላጆች ይነገራቸው። እናቱ አይሁዳዊት፣ አባቱ ግሪካዊ የነበሩት ጢሞቴዎስ ቅዱሳት መጻሕፍትን ከልጅነቱ ጀምሮ ያወቀ መሆኑን እናስታውስ። ከሁለት ቋንቋ ቤተሰብ የተወለደ ሕፃን የሚማርበትን ቡድን ራሱ ከወላጆቹ ጋር ይምረጥ፤ በአባቱ ስም ተመርምሮ አይመደብ።

ለ. አስተርጓሚ ሳይሆን መምህር እንሹም። ከየቋንቋው ተናጋሪ ወጣቶች፣ እናቶችና የክርስትና እናቶች መካከል መልካም ምስክርነት ያላቸው ሁለት ሁለት ሰዎች ይመረጡ፤ በካህኑ ጸሎት ተደርጎላቸው በጉባኤ ፊት ይሰየሙ። ከእነርሱም ቢያንስ አንዱ ስለ ሕፃናት በሚወስነው ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ ይኑረው።

ሐ. አብረን ጀምረን አብረን እንፈጽም። ለምሳሌ ለ20 ደቂቃ ያህል ሁሉም በአንድነት ይጸልዩ፣ ይዘምሩ። ከዚያ ለ40 ደቂቃ በየቋንቋቸው ተከፍለው አንዱን ትምህርት ይማሩ። በመጨረሻም ተመልሰው በአንድነት ይሰናበቱ። የእያንዳንዱን ቋንቋ አንድ መዝሙር ሁሉም ሕፃናት ያጥኑት። የሌሎችን ሕፃናት ባህል በዓመት አንድ ቀን በአልባሳት ማሳየት ብቻውን አገልግሎት አይባልም፤ ቋንቋቸው በየሳምንቱ ሲሰማ ግን ቤታቸው መሆኑን ያምናሉ።

መ. ሕፃኑ የሚያነበውን ፊደል እናስተውል። አፋን ኦሮሞ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና ጋሞኛ በትምህርት ቤት የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። በዚህ መንገድ ማንበብ የተማረ ሕፃን በግእዝ ፊደል የታተመ መዝሙር ቢሰጠው ቋንቋው የራሱ ቢሆንም እንኳ ላያነበው ይችላል። ስለዚህ የመዝሙርና የጸሎት ወረቀቶች በሁለቱም ፊደል ይዘጋጁ። ጎን ለጎንም ፊደል ማስቆጠሩ ለሁሉም ይሰጥ፤ የአብነት ትምህርት በር እርሱ ነውና። የትርጉም ሥራው ከመባዛቱ በፊት በሊቃውንት ይታይ።

ሠ. ደኅንነታቸውን እንጠብቅ። አንድ መምህር ብቻውን ከሕፃናት ጋር በተዘጋ ክፍል አይሁን፤ ሁልጊዜ ሁለት ይሁኑ፣ በሩም ክፍት ይሁን። በአዳራሹ ያለውን ቋንቋ የማይናገር ሕፃን በደል ቢደርስበት ለማን እንደሚነግር አያውቅም። ይልቁንም ከሀገራቸው ተፈናቅለው ወይም ተሰድደው የመጡ ሕፃናት ባሉበት አጥቢያ፣ በቋንቋቸው የሚሰማቸው አንድ የታወቀ ሰው መኖሩ እጅግ አስፈላጊ ነው።

ረ. በጀት ይያዝለት። የወረቀት ማባዣ፣ የመምህራን መጓጓዣና የሥልጠና ወጪ በሰበካ ጉባኤው ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ ራሱን የቻለ መደብ ይኑረው። በበጎ ፈቃደኞች ኪስ ብቻ የሚኖር አገልግሎት ፈቃደኛው ሲዛወር አብሮ ይዛወራል።

6. ብዙ ጊዜ ስለሚነሡ ሥጋቶች

«በቋንቋ መክፈል አንድነትን ይጎዳል» የሚሉ አባቶች አሉ፤ ሥጋታቸውም ከፍቅር የመጣ ነው። ሆኖም በኢየሩሳሌም አንድነትን የጎዳው የመበለቶቹ መረሳት እንጂ የሰባቱ መሾም አልነበረም። አንድ መሠዊያ፣ አንድ ቅዳሴ፣ አንድ ሃይማኖት ባለበት፣ ለ40 ደቂቃ በልዩ ልዩ ክፍል መቀመጥ መለያየት አይሆንም። ሕፃኑ ያልገባውን ትምህርት ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል ስለ ተቀመጠ ብቻም አንድነት ተገኘ አይባልም።

«መምህር የለንም» የሚለው ደግሞ እውነተኛ ችግር ነው። መፍትሔውም በሕፃናቱ ዘንድ አለ። ዛሬ በቋንቋው የተማረ ሕፃን ከ10 ዓመት በኋላ መምህር ይሆናል፤ ከመካከላቸውም ለአብነት ትምህርት የሚላክ፣ ለዲቁናና ለቅስና የሚበቃ ይገኛል። ይህን ካላደረግን ግን፣ እነዚህ ሕፃናት አድገው ኃጢአታቸውን ሊናዘዙ በመጡ ጊዜ ቋንቋቸውን የሚሰማ የንስሐ አባት አያገኙም። ያን ጊዜ ችግሩ ከአዳራሽ አልፎ የነፍስ ጉዳይ ይሆናል።

«ሥራው መስመር መያዙን በምን እናውቃለን?» ለሚለው፣ ከሕፃናት ቁጥር ይልቅ የሚታመን መለኪያ አለ። በየስድስት ወሩ መምህራን ወላጆችን ይጠይቁ፤ ሕፃኑ የተማረውን ታሪክ በቤቱ፣ በገዛ ቋንቋው መልሶ ተርኮታልን? ለአያቱ ሊተርክላት ከቻለ አስተውሏል።

7. ለሰበካ ጉባኤ ውይይት

- በአጥቢያችን የሚገኙ ሕፃናት በቤታቸው የሚናገሩት በስንት ቋንቋ ነው? ይህን በግምት ሳይሆን በመዝገብ እናውቀዋለን?
- ባለፈው ዓመት መምጣታቸውን ካቆሙት ሕፃናት መካከል ትምህርቱ የሚሰጥበትን ቋንቋ የማይናገሩ ስንት ናቸው? ወደ ቤታቸው ሄዶ የጠየቃቸው ማን ነው?
- ስለ ሕፃናት በምንወስንበት ጉባኤ ውስጥ ከእነዚህ ቤተሰቦች የመጣ ሰው አለን?
- ከሚመጣው ጾም በፊት ልንጀምረው የምንችለው አንድ ነገር ምንድን ነው?

የተወደዳችሁ፣ ጌታችን ሕፃናት ወደ እርሱ ይመጡ ዘንድ እንዳይከለከሉ ባዘዘ ጊዜ፣ የከለከሏቸው ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው ነበሩ። የማይገባቸውን ቋንቋ ብቻ እያሰማናቸው ብንቆይ፣ በሩን ሳንዘጋ እንደ ከለከልናቸው ይቆጠራል። የሰባቱን ዲያቆናት አገልግሎት የባረከ አምላክ የአጥቢያዎቻችንንም ሥራ ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።