በዘመነ ጽጌ አበባንና ዛፍን ለማየት ስለ መሄድ

ጽጌ በግእዝ አበባ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለውን 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ብላ ትጠራዋለች። ይህ ወራት ክረምቱ አልፎ ምድር በአበባ የምታጌጥበት፣ ካህናት በሰንበት ሌሊት ማኅሌተ ጽጌን የሚቆሙበት፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ መሰደዷ የሚታሰብበት ነው። ስለዚህ ዘመነ ጽጌ የአበባም የመንገድም ወራት ነው።

በዚህ ወራት ብዙ ሰዎች አደይ አበባ የለበሰውን ተራራ፣ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉትንም ጽድና ወይራ ለማየት ከከተማ ይወጣሉ። ይህ ለክርስቲያን ይገባዋልን? ብለው የሚጠይቁን ስላሉ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

መልሳችን፣ አዎን፣ ይገባል የሚል ነው። ጌታችን በወንጌል የሜዳ አበቦችን እንድንመለከት አዝዞናል። ሊቃውንትም አበባን የእመቤታችን፣ ፍሬን የልጇ ምሳሌ አድርገው አስተምረዋል። አበባን ልብ ብሎ ያላየ ሰው ምሳሌውን በምን ያስተውለዋል? ነገር ግን የሚሄዱት ሰዎች ሦስት ወገን ናቸው። አንደኛው ዓይኑን አስደስቶ የሚመለስ ነው፤ ይህ አይነቀፍም፣ ትርፉ ግን ጥቂት ነው። ሁለተኛው ቆርጦ፣ ሰብሮ፣ ስሙን በቅርፊት ላይ ቀርጾ የሚመለስ ነው፤ ይህ ያየውን ከሌላው ሰው ዓይን ይነጥቃል። ሦስተኛው ተምሮ የሚመለስ ነው።

እኛም በተማሪነታችን ጊዜ ከሁለተኛው ወገን ነበርን። በአንድ ደብር ቅኔ ስንማር፣ በጥቅምት ወር ከቅጥሩ ውስጥ ቀጥ ብሎ ያደገ አንድ ለጋ ወይራ አይተን ለመቋሚያ ቆረጥነው። መምህራችን አይተው አልተቈጡም፤ «ልጄ፣ ይህን አባትህ ለአንተ ትቶልህ ነበር፤ አንተስ ለልጅህ ምን ተውክለት?» ብለው ብቻ ጠየቁን። ከዚያም አንድ ችግኝ አስተከሉን፤ እስከ ሚመጣው ጽጌ ድረስ ከወንዝ ውኃ እየቀዳን አጠጣነው። ከዚያ ዓመት ትምህርት ይህን ያህል በልባችን የቀረ የለም።

የመምህራችን ጥያቄ እውነት መሆኑን በግብፅ ያለው ዛፍ ይመሰክራል። በካይሮ ማታሪያ በሚባል ስፍራ የእመቤታችን ዛፍ የሚባል ሾላ አለ። በስደቷ ጊዜ በዚያ ዐረፈች ተብሎ ስለሚታመን ተሳላሚዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይሄዱበታል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1672 ዓ.ም. የተተከለው ዛፍ አርጅቶ በ1906 ዓ.ም. ወደቀ፤ ሆኖም ከእርሱ የበቀለው ዛሬም ይታያል። እንግዲህ ዛፉ ለተሳላሚው የቆየው ሰው ሁሉ ስላየው አይደለም፤ የሚተካው ስላገኘ ነው።

በአገራችንም በደቡብ ጎንደር ዙሪያው እርሻና ግጦሽ ሆኖ ሳለ ደኑ የቀረው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ከሩቅ ለሚያየው በባሕር መካከል ያለች ደሴት ይመስላል። ነገር ግን ከብት ገብቶ ቡቃያውን ሲረግጠውና ሲግጠው ሽማግሌዎቹ ዛፎች ያለ ወራሽ ይቀራሉ። ስለዚህ በአንዳንድ አጥቢያ ካህናቱና ሕዝቡ ከእርሻው ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ካቡ። በዚህም እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፣ ቡቃያውም ከከብት ዳነ።

በኦሪት ዘዳግም ከተማን የከበበ ሠራዊት እንኳ የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ እንዳይቈርጥ ተከልክሏል። በጦርነት ያልተፈቀደ ነገር በሰላም ለሽርሽር ለወጣ ሰው እንዴት ይፈቀዳል? አባታችን አብርሃምም በመምሬ ከዛፍ ጥላ ሥር እንግዶችን ተቀበለ፤ በቤርሳቤህ ደግሞ ራሱ ዛፍ ተከለ። በጥላ የተጠቀመ ሰው ጥላ ሊያቆይ ይገባዋል።

ስለዚህ ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፣ ጽጌን ሊያይ የመጣውን እንግዳ ከበር አትመልሱት፤ ዛፉን በስሙ ጠርታችሁ አሳዩት፣ ምሳሌውንም ንገሩት። ምእመናንም ሆይ፣ ሂዱ፣ እዩ፣ አድንቁ። አደዩን ዘሩን ሳይጥል አትንቀሉት፤ ለሚመጣው ዓመት ተዉት። ከሄዳችሁበት ደብር አስተዳዳሪ ፈቃድ ጠይቃችሁ በክረምት አንድ ችግኝ ትከሉ፤ በሚመጣውም ጽጌ ተመልሳችሁ ጎብኙት። ያን ጊዜ መንገዳችሁ እንደ አበባ ታይቶ የሚረግፍ ሳይሆን ፍሬ ያለው ይሆናል። ለዚህም የቸርነቱ ባለቤት እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።