ስለ ክሬማሊየራ ጎሚኒ፦ ጁባ ላለው የኢምፕሬዛ ባለቤት

ልጄ፣ ከካምፓላ ያስመጣሃት አሮጌ ኢምፕሬዛ መሪዋ ላልቶ እንዳስቸገረህ፣ የክሬማሊየራዋን ጎሚኒዎች በጠንካራ ልትቀይር እንደቆረጥክ ነግረውኛል። ሐሳቡን አልነቅፍም። ቁልፍ ከማንሳትህ በፊት ግን ይህን አንብብ። ጁባ ውስጥ ዕቃ የሚቀይር ሞልቷል፤ የተበላሸውን ቀድሞ የሚለይ ነው የጠፋው።

1. ጥፋተኛውን ሳትለይ ዕቃ አትግዛ። መሪ ሲላላ ጎማ የሚሸጠው «ጎማ ነው» ይልሃል፣ አላይመንት የሚሠራው «አላይመንት ነው» ይልሃል። አንተ ግን በዓይንህ እይ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁም፤ አራቱም ጎማ መሬት ይንካ፣ የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ ሞተሩ ይነሳ። ጓደኛህ መሪውን ከመሃል ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጥቂቱ ያወዛውዝልህ። አንተ ከሥሯ ሳትገባ፣ ከጎማው በስተኋላ በባትሪ እያበራህ ክሬማሊየራውን ከታሰረበት ማሰሪያ ጋር አስተያየው። ጎማው ገና ሳይዞር የክሬማሊየራው አካል ራሱ ወደ ጎን ከሸሸ ጎሚኒው አልቋል። አካሉ ቆሞ ከሱ የሚወጣው ዘንግ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ግን ጎሚኒውን ተወው፣ በሽታው ሌላ ነው።

ከዚያ ሞተሩን አጥፋና መኪናዋን በክሪክ አንሳ። ጎማውን በግራና በቀኝ ጎኑ ይዘህ ነቅንቀው፤ ከተንቋቋ ቴስቲኒውን ወይም ክሬማሊየራው ጫፍ ላይ ያለውን ኳስ ጠርጥር። ከላይና ከታች ይዘህ ስትነቀንቀው ከተንቋቋ ኩሺኔታው ወይም የታችኛው ክንድ ኳስ ነው። ከመሪው በሚወርደው ዘንግ ላይ ያለውን ክሮቼራም አትርሳ፤ ዝገት ሲገባበት አንዴ ያዝ አንዴ ለቀቅ ያደርጋል። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ካገኘሃቸው ብቻ ወደ ቁጥር 2 እለፍ።

2. ዘይቱን ሳታደርቅ ጎሚኒ አትንካ። የመሪ ዘይት ከቱቦው ወይም ከክሬማሊየራው ጫፍ እየፈሰሰ ከሆነ አዲሱም ጎሚኒ ዘይቱን ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይበሰብሳል። የየካቲትና የመጋቢት ሙቀት ደግሞ ከሞተሩ ግለት ጋር ሆኖ ጎሚኒውን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። ሃያ ዓመት ያለፈው መኪና ላይ ሁለቱም ደርሶበታል ብለህ ተነሳ።

3. ጠንካራ ሁሉ ጥሩ አይደለም። እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ፤ ወጣቶች ገንዘባቸውን የሚያባክኑት እዚሁ ጋ ነውና። ያ ጎሚኒ የተቀመጠው ክሬማሊየራውን ለመያዝ ብቻ አይደለም፤ ጎማህ ጉድጓድ ሲመታ የሚመጣውን ድንጋጤ ከፊሉን ይውጣል። እሱ የማይውጠው ወደ ቴስቲኒው፣ ወደ ክሬማሊየራው ጥርስና ወደ እጅህ ይሄዳል።

ምርጫህ ሦስት ነው። የፋብሪካው ጎሚኒ ጥንካሬው በሾር ኤ መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 በታች ነው። ፖሊዩረቴን የሚሉት ከ80 እስከ 95 ይደርሳል፤ ዘይት አይበላውም፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ መሪው እንዳዞርከው ወዲያው ይታዘዛል። ሦስተኛው የአሉሚኒየም ነው፤ እሱ የውድድር ሜዳ ዕቃ ስለሆነ ጉዴሌና ሙኑኪ መንደር ውስጥ ለሚነዳ ሰው አይሆንም።

የኔን ፍርድ ከፈለግህ፣ ከከተማ ብዙም የማትወጣ ከሆነ አዲስ የፋብሪካ ጎሚኒ ይበቃሃል። ያረጀውን በአዲስ መተካት ብቻ መኪናዋን ሌላ ያደርጋታል፤ ብዙ ሰው በፖሊዩረቴን የመጣ ለውጥ ነው የሚለው ግማሹ አዲስ ዕቃ በመግባቱ የመጣ ነው። የኒሙሌ መንገድ ተመላላሽ ከሆንክ ግን ፖሊዩረቴኑን አስገባ፣ ለስላሳውን ዓይነት። በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ያለቀው ያ 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ፍጥነት ያስለምዳል። መኪናህ ደግሞ መሪዋ በቀኝ ነው፣ ደቡብ ሱዳን የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ነው። ከባድ መኪና ልትቀድም ስትል የሚመጣውን ለማየት አፍንጫዋን ማውጣት አለብህ፣ ካልሆነም ወዲያው መመለስ። መሪው ለመታዘዝ የሚዘገይ ከሆነ እዚያ ላይ ነው የሚያስከፍልህ።

«ሱባሩ እኮ የራሊ መኪና ነው» እንዳትለኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 እና በ2000 ኬንያ ውስጥ የሳፋሪ ራሊን ያሸነፉት ኢምፕሬዛዎች ለዚያው ተብለው የተሠሩ ነበሩ፤ ዕቃቸውን በየማረፊያው የሚቀይር ቡድንም ይከተላቸው ነበር። አንተን የሚከተልህ የለም።

4. ከጎማ ቀዶ ወይም ከናይሎን በቶርኖ ቀርጾ ጎሚኒ የሚሠራልህ አታጣም። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው እስኪደርስ ይሆነዋል። ለሌላው አይሁንህ።

5. ዕቃውን ስታዝ የመኪናዋን ዓመት፣ የሞዴሉን ቁጥርና መሪዋ በቀኝ መሆኑን ተናገር። ከዱባይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ለግራ መሪ የታሰበ ነው፤ የክሬማሊየራውም ማሰሪያ በሌላ በኩል ሊሆን ይችላል። ካምፓላ፣ ኪሴካ ገበያ ሰው ካለህ አሮጌውን ፎቶ አንስተህ ላክለት፣ ስፋቱንና ውፍረቱንም በሚሊሜትር ጻፍለት። ያገለገለ ጎሚኒ ግን በነጻ ቢሰጡህም አትቀበል።

6. ሥራው ከባድ አይደለም፣ የሚያስቸግረው ቦታው ጠባብ መሆኑ ነው እንጂ። ክሪክን ብቻ ተማምነህ ከሥሯ እንዳትገባ፤ በመደገፊያ አስቀምጣት። በክረምት የጁባ አፈር ይሰምጣል፤ ከመደገፊያው ሥር ወፍራም ጣውላ አንጥፍ። የጭስ ማውጫው ቱቦ አጠገቡ ስለሚያልፍ እስኪበርድ ጠብቅ። መሪውን ቀጥ አድርገህ በሴፍቲ ቤልት እሰረው፤ ዘንጉ ተፈትቶ መሪው በነጻ ከዞረ ከኤርባጉ ሥር ያለው ጥቅልል ሽቦ ይበጠሳል፣ ዋጋውም ከጎሚኒው ይበልጣል።

ከመፍታትህ በፊት ማሰሪያው የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርግ። የግራና የቀኙ ጎሚኒ ቅርጹ ሊለያይ ስለሚችል እንዳይቀያየርብህ። ብዙዎቹ አዳዲሶች በአንድ ጎናቸው የተሰነጠቁ ናቸው፤ ክሬማሊየራውን ሙሉ በሙሉ ሳታወርድ፣ አንዱን ወገን ፈትተህ ከፍ በማድረግ ታስገባቸዋለህ። የዘይት ቱቦዎቹን ግን እንዳትጎትታቸው። መቀመጫውን ከዝገትና ከጭቃ አጽዳ። ፖሊዩረቴን ከሆነ አብሮት የሚመጣውን ሲሊኮን ግራሶ ቀባው፤ ደረቅ ከገባ ሲጢጥ እያለ ይጮኻል። ብሎኖቹን በእጅ አስይዝና እያፈራረቅህ አጥብቅ፤ መጨረሻውን በቶርክ ቁልፍ፣ የመኪናዋ መጽሐፍ በሚለው ልክ። ጡንቻ ያለው ረዳትህ በረጅም ቧንቧ እንዲያጠብቅልህ አትፍቀድ፤ ጥርሱ የተበላ ብሎን ክሬማሊየራ አይዝም።

7. ከዚያ አላይመንት ነው። ክሬማሊየራው በጥቂት ሚሊሜትር እንኳ ከተዛወረ መሪው ጠምሞ ይቆማል፣ ጎማህም በአንድ ጎኑ ይበላል። ማሽን ካጣህ በመኪናዋ ግራና ቀኝ በጎማው እምብርት ከፍታ ሁለት ትይዩ ሲባጎ ወጥር። ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና እስከ ኋላ ጠርዙ ለካ፤ ሁለቱ ልኮች ካልተቀራረቡ ቴስቲኒዎቹን ግራና ቀኝ እኩል እያዞርክ አስተካክል። ለጊዜው ይበቃሃል፤ ማሽን ስታገኝ ታረጋግጣለህ።

መኪናዋን ስትሞክራት በኒሙሌ መንገድ እስከ ነሲቱ ውጣ፣ ማለዳ፣ ከባድ መኪናው ሳይበዛ። ስትመለስ ሞተሩ ከበረደ በኋላ የመሪውን ዘይት ልክ እይ። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳሃት በኋላ ደግሞ የማሰሪያዎቹን ብሎኖች በዚያው ቶርክ ቁልፍ ፈትሻቸው፤ አዲስ ጎሚኒ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ትንሽ ይላላሉ።