የድንጋይ ከሰል ልትቆፍር ለምትሄድ ልጄ

ባለፈው ቅዳሜ መካነ ሰላም ገበያ ላይ አግኝተኸኝ «ከሰል ቁፋሮ ልሄድ ነው» ስትለኝ ዝም ያልኩህ ቃል አጥቼ አይደለም፤ ቆመን የምንጨርሰው ጉዳይ ስላልነበረ ነው። እኔም እንዳንተ መለዮዬን አውልቄ ከሰል ጉድጓድ ወርጃለሁ። ያየሁትን ልንገርህ።

1. የወታደር ልብህን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተወው። ግንቦት 1983 የደርግ ጦር ሲበተን ከኤርትራ እስከ ወሎ ቦረና በእግሬ ስመጣ አንድ ነገር ብቻ ተምሬ ነበር፤ «ግባ» ሲሉኝ መግባት። ከዓመታት በኋላ ከሰል ስቆፍር ሌሊቱን ዶፍ ዘንቦ አደረና ጠዋት ግድግዳው ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አየሁ። ካቦው «ግቡ» አለ። ገባን። ረፋድ ላይ ተናደ። ኤርትራ በረሃ ላይ አንድ ኮዳ ውሃ የተካፈልነው ጓደኛዬ ከሥሩ ቀረ። ዛሬም የሚያንገበግበኝ መናዱ አይደለም፤ ስንጥቁን እያየሁ አፌን መያዜ ነው።

የኛ አገር ከሰል ከጥንት ረግረግ የበቀለ ነው። እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ንብርብር መካከል ተቀብሯል፤ የሰሜን ሸዋው የሙሽ ሸለቆ ከሰል ዕድሜው ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። የጭልጋውም፣ የኛው የአምባሰሉ ውጫሌም ከዚያው ወገን ነው። ከላይና ከታች የሚያቅፈው ሸክላማ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ መጀመሪያ ዓይንህ ይግባ፣ ሰውነትህ ይቆይ። በደላንታ በ2016 የኦፓል ዋሻ ተደርምሶ የስንት እናት ልጅ እንደቀረ ሰምተሃል። «እምቢ፣ አልገባም» ማለት ፍርሃት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ራሱ፣ አሠሪው ለሕይወትህ የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አውቆ ካላስወገደ ያለማስጠንቀቂያ ሥራህን ጥለህ እንድትወጣ ይፈቅድልሃል። በዚያን ቀን «እምቢ ማለት ትችላለህ» የሚለኝ ባገኝ ኖሮ!

2. የማይሸተውን አየር ፍራ። በብርዱ ወራት የከሰል ምድጃ ቤት አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ሳይነሡ የቀሩ ሰዎች በኛም አገር አሉ። ያ ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይታይም፣ አይሸትም። ከመሬት በታች ከሰል ሲጤስ የሚወጣውም እርሱ ነው። ቱርክ ውስጥ ሶማ በምትባል ቦታ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ በግንቦት 2006 እሳት ተነሥቶ 301 ሰዎች ሲያልቁ አብዛኞቹን የገደላቸው ነበልባሉ ሳይሆን ይኸው ጋዝ ነው። ራስህን ካዞረህ፣ ጉልበትህ ከከዳህ «ትንሽ ልታገሥ» አትበል። ውጣ። ጓደኛህ ከወደቀም ብቻህን ዘለህ አትግባ፤ የመተንፈሻ መሣሪያ ሳይዝና በገመድ ሳይታሰር የገባ አዳኝ ሁለተኛ ሬሳ ሊሆን ይችላል።

3. ብናኙን በሻሽ አሸንፈዋለሁ አትበል። ከሳንባ የሚደርሰው ደቃቁ ነው፤ እርሱ ደግሞ ጨርቅን ያልፋል። ገብቶ ሳንባን ያጠቁራል፣ ያደነድናል። የሚያመጣው በሽታ መድኃኒት የለውም፤ ሥራውን ከተውህ በኋላም ሊብስ ይችላል። የቁፋሮው ቦታ ውሃ እንዲረጭ ጠይቅ፣ ትክክለኛ ማስክ ጠይቅ። እኔ ዛሬ ከቤቴ እስከ ገበያ ሦስት ጊዜ አርፋለሁ። አንተ እንደኔ እንድትሆን አልፈልግም።

4. ከዶማው በፊት ወረቀቱን ያዝ። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ ደብዳቤ ፈርሞ ሊሰጥህ ይገባል። ለጡረታህ ከደመወዝህ 7 በመቶ ከአንተ ሲቆረጥ 11 በመቶ ከእርሱ ይጨመራል፤ መግባቱን አረጋግጥ። ጓደኛዬ ሲሞት ውል አልነበረውም። ለልጆቹ የደረሰው እኛ የሥራ ባልደረቦቹ ያዋጣነው ብቻ ነው።

5. ታናሽ ወንድምህን ይዘህ አትሂድ። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ እንዲሠራ ሕጉም አይፈቅድም፣ እኔም አልፈቅድም።

6. የቅሬ ዕድርህን አታቋርጥ። ሩቅ ነኝ ብለህ መዋጮህን ካስቀረህ ስትመለስ እንግዳ ትሆናለህ። መሬትህንም ለሚያርስልህ ሰው በሽማግሌ ፊት ስጥ። እኔ ስመለስ የቀረችኝ አንዲት የገብስ ማሳ ናት፤ ያቆየችኝ እርስዋ ናት።

7. ያየኸውን ጦርነት ለብቻህ አትሸከመው። እኔ ብዙ ዓመት ሌሊት እየባነንኩ ለማንም አልተናገርኩም፤ «የደርግ ወታደር» እንዳልባል ፈርቼ። አንድ ቀን ጎረቤቴ ሼኩ ቤት ቡና ተፈልቶ፣ በረካው ላይ ስንደርስ አለቀስኩና ተናገርኩ። ሼኩ «አብሽር» ብለው ዱአ አደረጉልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሊቱ ቀለለኝ። አንተ ብዙ ዓመት አትጠብቅ። ቡና የሚያፈላልህ፣ ሳያቋርጥ የሚሰማህ አንድ ሰው ፈልግ። ከጠፋ እኔ አለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንህ። ትኬት ከመቁረጥህ በፊት የሚሰጡህን ውል ይዘህ ወደ ቤቴ ና። ዓይኔ ደክሟል፤ አንተ ታነባለህ፣ እኔ እሰማለሁ። የደኅንነት ነገር ያልተጻፈበት ከሆነ አትፈርም።