ከባሕር የሚነፍስ ብርድ በጠርሙስ ሲሸጥ

የወይን ጠጅ ንግድን ከሩቅ የሚያይ ሰው፣ ፀሐይ በበዛበት አገር ሁሉ የወይን ገንዘብ አለ ብሎ ያስባል። ስለ ሊትር ብዛት ከሆነ የሚነገረው፣ አልተሳሳተም። ስለ ዋጋ ከሆነ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ለዚህ በደቡብ አፍሪካ ከሄርማነስ ከተማ ጀርባ ያለው ሸለቆ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

ሸለቆው በአፍሪካንስ ቋንቋ ሄሜል ኤን አርደ ይባላል፤ ሰማይና ምድር ማለት ነው። ከኬፕታውን በመኪና 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማቆያ ነበረ። ሄርማነስም ራሷ ዓሣ ነባሪ ለማየት ሰው የሚጎርፍባት የባሕር ዳር ከተማ እንጂ የወይን ከተማ ተብላ የምትታወቅ አልነበረችም።

በጆሃንስበርግ የአንድ ትልቅ የማስታወቂያ ድርጅት ኃላፊ የነበሩት ሚስተር ቲም ሃሚልተን ራስል በዚህ ሸለቆ 170 ሄክታር መሬት የገዙት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ሰውየው የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ፈረንሳይ ቡርጎኝ ውስጥ የሚበቅሉት ፒኖ ኗርና ሻርዶኔ የሚባሉት ወይኖች አፍሪካ ውስጥ ሊመቻቸው የሚችል ቀዝቃዛ ቦታ። ፍለጋው ዓመታት ወስዶባቸዋል። ቦታው ሲገኝ ግን ሌላ ጣጣ መጣ፤ መሬቱ የወይን ኮታ አልነበረውም።

ኮታው ምንድን ነው? በ1918 የተቋቋመው ኬ.ደብልዩ.ቪ. የተባለው የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ከጊዜ በኋላ የመንግሥት ያህል ሥልጣን ያገኘ ድርጅት ነበር። ዝቅተኛ ዋጋ ይቆርጣል፤ የተረፈውን ወይን ገዝቶ ብራንዲ ያወጣበታል። ከ1957 ጀምሮ ደግሞ ማን የትኛው መሬት ላይ ምን ያህል ወይን ማምረት እንደሚችል በኮታ ይወስን ጀመር። ኮታው የተሰጠው ቀድሞ ወይን ላመረተ መሬት ነበር። ስለዚህም በሞቃታማው የውስጥ አካባቢ በመስኖ ብዙ ሊትር የሚያወጣ ገበሬ ዋስትና ነበረው፤ በቀዝቃዛው ጠረፍ ጥቂት ግን የተሻለ ሊያወጣ የሚችለው ደግሞ በሩ ተዘግቶበታል። ትርፍ ምርትን ለመግታት የወጣው ደንብ ጥራትንም ገታ።

ሚስተር ሃሚልተን ራስል ከባለሥልጣናቱ ጋር እየተሟገቱ የመጀመሪያውን ምርታቸውን በ1981 አወጡ። ኮታው ራሱ የተሻረው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1992 ነው።

የተክሉም ጉዳይ ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን ጥሩ የሻርዶኔ ችግኝ በሕጋዊ መንገድ ለማስገባት የኳራንቲኑ ጥበቃ ዓመታት ይፈጅ ስለነበር፣ በርከት ያሉ የኬፕ አምራቾች ቅርንጫፉን በኮንትሮባንድ አስገቡት። የሚያስቀው፣ ሻርዶኔ ነው ተብሎ ከተተከለው የተወሰነው ኋላ ላይ ኦክሴርዋ የሚባል ሌላ ዝርያ ሆኖ መገኘቱ ነው። ነገሩ አጣሪ ኮሚሽን እስከማቋቋም አደረሰ። ከደላላ ዘር የገዛ ሰው ይህ ታሪክ አዲስ አይሆንበትም።

ወደ ብርዱ እንመለስ። ወይን ሲበስል ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ይካሄዳል፤ ስኳሩ ይጨምራል፣ አሲዱ ይቀንሳል። በሞቃት ቦታ ሁለቱም ይሮጣሉ። የፍሬው መዓዛ ገና ሳይሞላ ስኳሩ ጣሪያ ይነካል። ገበሬው ቶሎ ቢለቅም ጥሬ ጥሬ የሚል ወይን ጠጅ ያገኛል፤ ቢዘገይ ደግሞ ስኳሩ በእርሾ ወደ አልኮል ስለሚለወጥ መጠጡ ይከብዳል፣ አሲዱም ስለቀነሰ ምላስ ላይ ይሞታል። የቡና ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የይርጋጨፌ ደጋ ቡና ዝግ ብሎ ስለሚበስል ነው ያ ቅመምነትና ጥርት ያለ ጣዕም የሚኖረው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው።

በይርጋጨፌ ዝግታውን የሚያመጣው ከፍታ ነው። በሄሜል ኤን አርደ የሚያመጣው ባሕር ነው። ቤንጉዌላ የሚባለው ቀዝቃዛ የውቅያኖስ ሞገድ በአህጉሩ ምዕራባዊ ጠረፍ ይወጣል፤ የጠረፉ ውኃ ቀዝቃዛ በመሆኑ ከሰዓት በኋላ ወደ ሸለቆው የሚገባው ነፋስ በበጋ እንኳ ሙቀቱን ያበርዳል። ከባሕሩ አጠገብ በመሆኑ ውርጭ ብዙ አያሰጋም። ነፋሱ ግን ለጋ ቀንበጥ ይሰብራል፤ እርጥበቱም ሻጋታ ይጋብዛል። ፒኖ ኗር ደግሞ ልጣጩ ስስ፣ ዘለላው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አንድ ፍሬ ሲበሰብስ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል።

አፈሩም ድርሻ አለው። ከሸለቆው ከፊሉ ሸክላማ፣ ከፊሉ አሸዋማ ነው። ርስቱን ከአባታቸው የተረከቡት ሚስተር አንተኒ ሃሚልተን ራስል ትኩረታቸውን በሸክላማው መሬት ላይ አድርገው በ52 ሄክታር ገደማ ተወስነዋል። ከ170 ሄክታር 52ቱን ብቻ መትከል ለሒሳብ ሠራተኛ የማይዋጥ ውሳኔ ነው። ነገር ግን እዚህ ሸለቆ ውስጥ የሚሸጠው ብዛት አይደለም።

በብርጭቆ ውስጥ የሚገኘውስ? ቀዩ ፒኖ ኗር ቀለሙ ሳሳ ያለ፣ የቼሪና የእርጥብ አፈር ሽታ ያለው፣ ከተለመደው የአፍሪካ ቀይ ወይን ይልቅ ለስለስ የሚል ነው። ጉደርን የለመደ አዲስ አበቤ መጀመሪያ ሲቀምሰው ውኃ የበዛበት ሊመስለው ይችላል። ሻርዶኔው ሎሚ ሎሚ ይላል፤ በኦክ በርሜል ስለሚቆይ ትንሽ የለውዝ ጣዕም ይጨምራል። ሁለቱም አሲዳቸው ስለማይወድቅ ከዓሣና ከዶሮ ጋር ይስማማሉ።

ባለሀብት የሚያስበው ግን ወጪውን ነው። የወይን ተክል ለምርት እስኪደርስ ሦስት ዓመት ያህል ይጠበቃል፤ ከዚያ በርሜል፣ ከዚያ ጠርሙስ። ገንዘቡ ታስሮ ይቆያል። ደቡብ አፍሪካ ወደ ውጪ ከምትልከው ወይን ጠጅ በመጠን ከግማሽ የሚበልጠው ሳይታሸግ በጅምላ ታንክ የሚሄድ ነው፤ የጠረፉ አነስተኛ አምራች በዚያ ዋጋ ልወዳደር ቢል በአንድ ወቅት ይከስራል። መመኪያው የቦታው ስም ነው። መንግሥት በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የአልኮል ሽያጭን ሲከለክል፣ ወደ ውጪ መላክም ለሳምንታት ታግዶ ነበር። ለጎብኚ ከደጃፉ ለሚሸጥ ትንሽ አምራች ሁለቱም በር ባንድ ጊዜ ተዘጋ ማለት ነው።

የቦታውን ስም በተመለከተ ገዢ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በ1973 በወጣው የምንጭ ሥርዓት መሠረት በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቦታ ወይኑ መቶ በመቶ የመጣበት መሆን አለበት፤ ለዝርያና ለዓመተ ምሕረት ግን 85 በመቶ ይበቃል። ሸለቆው ዛሬ በሦስት ቀበሌ ተከፍሏል፤ ሄሜል ኤን አርደ ሸለቆ፣ የላይኛው ሄሜል ኤን አርደ ሸለቆና ሄሜል ኤን አርደ ሸንተረር። ሦስቱም ዎከር ቤይ በሚባለው ወረዳ ውስጥ ናቸው። ዎከር ቤይ የሚል ጠርሙስ ወይኑ ከወረዳው ከማንኛውም ጥግ ሊመጣ ይችላል፤ ዌስተርን ኬፕ ብቻ የሚል ከሆነ ደግሞ ከሞቃቱ የውስጥ አገርም ሊሆን ይችላልና አስመጪው ለሸለቆው ብርድ የሚከፈለውን ዋጋ ሲጠየቅ አስቀድሞ ያንን መስመር ማንበብ አለበት።