ወለሉን የሚሸከመው

ወንዝ የሚሻገር ሰው እግሩን የሚያሳርፍበትን ወለል ያያል፤ ከወለሉ በታች ያለውን ተሸካሚ ግንድ ግን አያይም። ሆኖም ሕይወቱን የሚጠብቅለት ያ ያልታየው ነው። ይህ ነገር የአናጢ ጉዳይ ብቻ አይምሰለን። በአዊ ምድር፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ፣ ክረምት ገብቶ ጅረቱ ሲሞላ ካህኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሕፃኑ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወላዷም ወደ ሐኪም የሚደርሱት በግንድ ድልድይ ተሻግረው የሆነበት መንደር አለና።

አስቀድመን የአግዳሚውን ጠባይ እንመልከት። በሁለት ዳር ዐርፎ ሸክም የወደቀበት ግንድ በጎበጠ ጊዜ የላይኛው ወገኑ ይጨመቃል፤ የታችኛው ወገኑ ይሳባል። ስለዚህ የአግዳሚ ብርታት ከስፋቱ ይልቅ በቁመቱ ነው። ይኸውም 5 ሳንቲሜትር ውፍረትና 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለውን ጣውላ በጠፍጣፋው ከማጋደም ይልቅ በጠርዙ ብናቆመው የመሸከም ኃይሉ 4 እጥፍ፣ ጉብጠትን የመቋቋም ኃይሉም 16 እጥፍ ይሆናል። እንጨት አልተጨመረም፤ አቀማመጡ ብቻ ተለወጠ። በአንጻሩም የሁለቱ ዳር ርቀት እጥፍ ቢሆን፣ በመካከል የቆመ ያው አንድ ሰው ግንዱን 8 እጥፍ ያጎብጠዋል።

ድንጋይ መጨመቅን ይችላል፤ መሳብን ግን አይችልም። ስለዚህም አባቶቻችን የድንጋዩን ድልድይ በቅስት ሠሩት። በዐፄ ፋሲል ዘመን በሞጣ አቅራቢያ በዐባይ ላይ የተሠራው ድልድይ ለዚህ ምስክር ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አንዱ ቅስት ተቆርጦ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ፤ ሕዝቡም ብዙ ዘመን በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ። በ2002 እ.ኤ.አ. በተቆረጠው ላይ ብረት ተጋደመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጎርፍ ወሰደው። ዛሬ ሲሚንቶውን ለመጨመቅ፣ በውስጡ የሚቀበረውን ብረት ለመሳብ ያውሉታል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመረቀው የ380 ሜትር የዐባይ ድልድይ ደግሞ ወለሉ ከምሰሶዎቹ በላይ በተዘረጉ ገመዶች ጭምር የተደገፈ ነው።

የመርከብም ነገር ከዚህ አይርቅም። የኖኅ መርከብ ታችኛ፣ መካከለኛና ላይኛ ደርብ እንደ ነበራት በኦሪት ተጽፏል። በእንጨት መርከብ ከጎን ወደ ጎን የሚጋደሙት ግንዶች ወለሉን ከመሸከማቸው በላይ ጎኖቿ በውኃ ግፊት ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ይከለክላሉ። መርከቢቱም ራሷ እንደ አንድ ታላቅ አግዳሚ ናት፤ ማዕበል መካከሏን ሲያነሣ ላይኛው ወለሏ ይሳባል፣ ጫፎቿን ሲያነሣ ይጨመቃል። ቅዱስ ጳውሎስ የተሳፈረባት መርከብ በማዕበል በተጨነቀች ጊዜ መርከበኞቹ ዙሪያዋን በገመድ ያሰሯት እንዳትፈርስ ነበር።

ወደ መንደራችን እንመለስ። በግንዱ ላይ ቅርንጫፍና አፈር ማልበስ የተለመደ ነው። አፈሩ ግን እርጥበት ይይዛል፤ እርጥበቱም ግንዱን ያበሰብሳል። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ቶሎ ስለሚያድግ ይመረጣል፤ ነገር ግን ሳይታከም በእርጥብ መሬት ላይ ካረፈ ምስጥ ይበላዋል። በየዓመቱ ወለሉ ሲጎደጉድ አዲስ አፈር እንደፋበታለን፤ ሸክሙን አከበድን እንጂ ተሸካሚውን አላጠነከርንም። ከላይ የተሻሻለ መስሎ ከታች የሞተው ድልድይም ሰው የሚጥለው ጎርፍ በሞላበት ቀን ነው።

ስለዚህ ክረምት ሳይገባ በግንቦት ወር ይህን እናድርግ። አንደኛ፣ አፈሩን ገልጠን የግንዱን ጫፎች በሹል ብረት እንውጋ፤ ብረቱ በቀላሉ ከገባ ግንዱ ይለወጥ። ሁለተኛ፣ ጫፎቹ በአፈር ላይ ሳይሆን በድንጋይ ላይ ይረፉ። ሦስተኛ፣ በአፈር ፋንታ ጣውላ ይነጠፍ፤ በጣውላና በጣውላ መካከልም ውኃ የሚያልፍበት ክፍተት ይተው። አራተኛ፣ ከብት በአንድነት እየተጋፋ አይለፍበት።

በሁለት ደብር መካከል ያለ ድልድይ ብዙ ጊዜ ባለቤት ያጣል፤ ይኸኛው ያንን፣ ያኛው ይህንን ይጠብቃልና። ካህናትና የሰንበቴ ማኅበርተኞች ሆይ፣ በአንድ የሰንበቴ ቀን ከወዲያና ከወዲህ ሁለት ሁለት ሽማግሌ መርጣችሁ ከወለሉ በታች ያለውን እንዲያዩ ላኩ።