እንቁላሉ ለምን ተሰበረ? ፊዚክስን በንድፍ ውድድር መማር

«ኃይል ምንድን ነው?» ብለን በክፍል ውስጥ ስንጠይቅ ብዙ እጆች ይነሣሉ፤ «መጠነ ቁስ ሲባዛ በሽምጠጣ» የሚለው መልስም ወዲያው ይመጣል። «ይህን ጥሬ እንቁላል ከ5 ሜትር ከፍታ ሳይሰበር አውርዱት» ስንል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ቀመርን በቃል መያዝና በቀመር ማሰብ የተለያዩ መሆናቸውን ይህ ጸጥታ ያሳየናል።

የውድድሩ ደንብ

አራት አራት ተማሪዎች ያሉባቸው ቡድኖች አንድ እንቁላል፣ አንድ ካርቶን፣ ጥቂት ጋዜጣ፣ ክርና የጤፍ ጭድ ይሰጣቸዋል። ፓራሹት መሥራት አይፈቀድም። እንቁላሉ ቢሰበር እንዳይባክን በንጹሕ ፌስታል ይታሠራል። ዋናው ደንብ ግን ማንም ቡድን እንቁላሉ ላይ የሚያርፈውን ኃይል አስቀድሞ አስልቶ ሳይጽፍ አለመጣሉ ነው።

ስሌቱ

የእንቁላሉ መጠነ ቁስ 60 ግራም ነው እንበል። የአየርን መቋቋም ካልቆጠርን፣ 5 ሜትር ሲወድቅ ፍጥነቱ በሰከንድ 9.9 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የሚይዘው ኢነርጂም 0.06×9.8×5=2.94 ጁል ነው። ይህ ኢነርጂ እንቁላሉ እስኪቆም ድረስ በሚሠራ ሥራ ማለቅ አለበት። ሥራ ደግሞ ኃይል ሲባዛ በርቀት ነው። ሲሚንቶ ላይ ወድቆ በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም አማካዩ ኃይል 1,470 ኒውተን ገደማ ይሆናል። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ቢቆም ግን 30 ኒውተን ብቻ ነው። ኢነርጂው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመቆሚያው ርቀት ነው።

ከስህተት የተገኘ ትምህርት

አንድ ቡድን ካርቶኑን በጋዜጣ ጠቅጥቆ ሞላው፤ እንቁላሉም ተሰበረ። ተማሪዎቹ «ወረቀት ለስላሳ አይደለም እንዴ?» ሲሉ ተገረሙ። ካርቶኑን ከፍተን አብረን ስንለካ የተጠቀጠቀው ወረቀት የተጨመቀው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ኃይሉን ሲያሰሉት ወደ 295 ኒውተን ሆነ። ለካስ እንቁላሉን የሚያድነው የዕቃው ብዛት ሳይሆን ለመጨመቅ የሚተውለት ቦታ ኖሯል! በሁለተኛው ሙከራ ወረቀቱን አውጥተው ጭዱን አላልተው ጎዘጎዙት፤ ኃይሉ በአንድ ነጥብ ላይ እንዳያርፍም እንቁላሉን ዙሪያውን ደገፉት። እንቁላሉ ደኅና ወረደ።

ከክፍል ውጭ

እንቁላል ነጋዴዎች በቅርጫት ውስጥ ጭድ የሚጎዘጉዙት በዚሁ ሕግ ነው። ከፍ ካለ ቦታ የሚዘል ሰው ጉልበቱን አጥፎ ማረፉ፣ የመኪና የፊት ክፍል በግጭት ጊዜ እንዲጨማደድ ሆኖ መሠራቱም የመቆሚያን ርቀት ለማስረዘም ነው።

መልመጃ

ከፍታው 10 ሜትር ቢሆን፣ ይኸው እንቁላል በአማካይ 30 ኒውተን ብቻ አርፎበት እንዲቆም ስንት ሴንቲ ሜትር ያስፈልገዋል? አንባቢዎቻችን መልሱን በወረቀት ላይ ካሰፈራችሁ በኋላ ንድፋችሁን ጀምሩ።